ያልጠገብንበት ምሳ

መካነ ሰላም ውስጥ «ውድ ምግብ ቤት በልተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ዓረብ አገር ሰባት ዓመት ስለኖርኩ ያልቀመስኩት ያለ አይመስላቸውም። ኧረ ምኑን! ሦስቱን ዓመት ሰው ቤት ነበርኩ፤ አራቱን ደግሞ አንድ ስመ ጥር ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሰሐን ሳጥብ ከረምኩ። ከተማው ሰው ለመብላት ብቻ ባሕር አቋርጦ የሚመጣበት ነው። ለልደቱ፣ ለጋብቻ በዓሉ ብሎ ዓመት ሙሉ አጠራቅሞ የሚመጣ ነበር አሉ። እኔ ሰሐናቸውን እንጂ ገበታቸውን አላውቅም። እንደ ሰው ተቀምጬ የበላሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም አምና፣ አዲስ አበባ፣ ከአባቴና ከአጎቴ ጋር። «ታዲያ ያን ያህል ብር ይገባዋል?» ለሚሉኝ ሁሉ የምነግራቸው የዚያን ቀኑን ነው።

አባቴና አጎቴ የአንድ አባትና እናት ልጆች ናቸው፤ ሌላ ወንድምም እህትም የላቸውም። ቤታቸውን የሚለየው አንድ አጥር ነው። አባቴ ታላቅ ናቸው፤ አንቱ ነው የምላቸው። አጎቴን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ እለዋለሁ። ቀልደኛ ስለሆነ አንቱታ አይቀመጥበትም።

ያጣላኋቸው እኔ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝ ሲል ዓረብ አገር ልሂድ አልኩ። አባቴ በሕይወት እያለሁ አይሆንም አሉ። አጎቴ ለቅሶዬን አይቶ አላስችል ቢለው በሬውን ሸጦ፣ ደብቆ ላከኝ። አባቴ የሰሙት እኔ ከተሳፈርኩ በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ጎረቤት በተሰበሰበበት ቆመው፣ ከእንግዲህ ከእሱ ጋር ከአንድ መሶብ ብቆርስ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ ብለው ማሉ።

በእኛ አገር የተቀያየመ ሰው አብሮ አይቆርስም፤ ከቆረሰ ታርቋል ማለት ነው። እንደምን አደርክ ይባባላሉ፣ ለቅሶ አብረው ይደርሳሉ፣ መብላት ላይ ሲደርስ ግን የለም። ማኅበር ሲሆን፣ ተዝካር ሲሆን፣ ደጋሹ አስቀድሞ አውቆ አንዱን በበሩ በኩል፣ ሌላውን በጓዳው በኩል ያስቀምጣቸዋል። ሽማግሌ ተላከ፣ ካህን ገባ፤ አባቴ ወይ ፍንክች! እኔ ተመልሼ እግራቸው ላይ ስወድቅ እኔን ይቅር አሉኝ፤ አጎቴን ግን አላሉም። እናቴ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትላለች፤ እሳቸው በሌሉበት ነው ታዲያ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት ሞላ።

አምና አባቴን ሽንት አልወጣ አላቸው። ደሴ ታይተው ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ግድ ነው አለኝና፣ ልባቸው ደከም ስላለ ግን እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም ብሎ ጨመረ። እኔ ለእሳቸው ቀላል ነው አልኳቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እሳቸውም አውቀውታል። ሆስፒታሉ ደም የሚሰጥ ዘመድ አምጡ ማለቱን የሰማው አጎቴ ማንም ሳይጠራው ተሳፍሮ መጣ። ዕድሜህ አልፏል ብለው መለሱት። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔን ያስጨነቀኝ መሞታቸው ብቻ አልነበረም። ያንን መሐላ ይዘውት ቢሄዱስ? አጎቴ የቀረውን ዘመኑን እንዴት ይኖረዋል? እኔስ የማንን ዓይን አያለሁ? ለቀዶ ጥገናው የሚተኙት ሐሙስ ነው፤ ቀኑ ሰኞ ነበር።

ያኔ ያ የሰሐን ጓዳ ትዝ አለኝ። በበሩ መስታወት ወደ አዳራሹ አጮልቄ አይ ነበር። የተኳረፉ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰሐን ጨርሰው ይወጣሉ። ምን ዓይነት ልብ ቢኖራቸው ነው እያልኩ እገረም ነበር። አሁን ግን ነገሩ ለእኔ በጀኝ። መሶብ ከሌለ መሐላ አይፈርስም። ዓረብ አገር ካጠራቀምኩት የተረፈችኝን ይዤ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሁሉ የሚያወራለትን አንድ ምግብ ቤት አጠያይቄ ቦታ አስያዝኩ። ለአባቴ «ለሁሉም የየራሱ ሰሐን ነው፣ ከአንድ ገበታ እጅ አይገባም» ብዬ አስረዳኋቸው። ቀኑ ማክሰኞ መሆኑን፣ ጾም አለመሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ብዙ ካሰቡ በኋላ ጠረጴዛ እንግዲህ መሶብ አይደለም አሉ።

ምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። አስተናጋጁ የአባቴን ጋቢ ተቀብሎ ሊሰቅል ሲል አልሰጥም አሉ። በየፊታችን ሹካው ሦስት፣ ቢላዋው ሁለት ተደርድሯል። አጎቴ ይሄ ሁሉ ብረት ለመብላት ነው ለእርሻ አለ። አባቴ ሳቃቸው ሲመጣ ከንፈራቸውን ነክሰው ያዙት፤ አይቻለሁ። ከዚያ አስተናጋጁን የማን እርድ ነው ብለው ጠየቁት። ወሎ ማንም የሚጠይቀው ነገር ነው፤ እሱ ግን አልገባውም። የክርስቲያን ነው የሙስሊም ማለታቸው ነው ብዬ አስረዳሁት። ወጥ ቤት ገብቶ ጠይቆ የክርስቲያን ነው ብሎ ተመለሰ።

ወዲያው ጉድ ፈላ። ሰውዬው ትኩስ ዳቦ በአንድ ቅርጫት ሞልቶ አመጣና መካከላችን አስቀመጠው። አራት ዓመት ሙሉ የዳቦ ፍርፋሪ ስጠርግ ኖሬ ዳቦውን ረሳሁት! ቅርጫቷ ደግሞ የተሰፋች ናት፤ ቁርጥ ትንሽ መሶብ። ሁለቱም አዩዋት። ሁለቱም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ምን ይዋጠኝ! ብነሣት ነገሩን ማጉላት ሆነብኝ፣ ብተዋት ደግሞ ዝም ብላ ታየናለች። በመጨረሻ ዳቦው ቀዝቅዞ፣ ማንም ሳይነካው ተነሣ።

ሾርባው መጣ። አባቴ ጨርሰው ምሳው ያለቀ መስሏቸው ብድግ አሉና ማዕዱን መረቁ። አስተናጋጁ ሰሐን እንደያዘ ቆሞ አሜን አለ። ቀጥሎ የበግ ሥጋ መጣ። ሰሐኑ ሰፌድ ያክላል፤ ሥጋው ግን የሕፃን መዳፍ አይሞላም። እውነቱን ለመናገር ጣዕሙ እስከዛሬ አፌ ላይ አለ። አባቴም ቀስ ብለው አላመጡና፣ በጉ የደጋ ነው፣ ያደለበውም ሰው አዋቂ ነው አሉ። አሁንም ተነሥተው መረቁ። ጣፋጩ ሲመጣ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሡ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲመርቁ «የአባቴን ነፍስ ይማር» ነው የሚሉት። ያን ቀን «የአባታችንን» አሉ። አጎቴ አሜን ሲል ድምፁ ተቆራረጠ። እኔ አሁን ሊነጋገሩ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ተቀመጡ፤ በቃ።

ከፍለን ደረጃውን ስንወርድ ንዴት አንገቴ ላይ ደርሶ ነበር። ትዕግሥት ድሮም አልፈጠረብኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልኩ ራሴን እሰድባለሁ። እንደማይተዋወቅ ሰው የየሰሐናቸውን በልተው ወጡ፤ ሐሙስ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። ያን ብር ገደል ብጨምረው ይሻል ነበር። መንገዱ ዳር ስንደርስ አባቴ ቆሙ። ወደ አጎቴ ዞረው፣

«ጠገብህ?» አሉት።

አጎቴ ደነገጠ። ዘጠኝ ዓመት ጠይቀውት አያውቁም። «ምኑን ጠግቤ!» አለ። «ሆዴ ምሳ መቼ ነው ይለኛል።»

«እኔም» አሉ አባቴ። መጀመሪያ አጎቴ ሳቀ፤ ከዚያ አባቴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ጠባብ ሽሮ ቤት ነበረች። ገባን። እጃቸውን ሲታጠቡ ጠብቄ ወደ ባለቤቲቱ ጠጋ አልኩና፣ እባክሽ በሁለት ትሪ አድርጊው አልኳት በሹክሹክታ። የአባቴ ጆሮ የሚፈልገውን እንጂ ሌላ አይሰማም፤ ይህችን ግን ሰሟት።

«ለሦስት ሰው ሁለት ትሪ ምን ያደርጋል?»

አንድ ትሪ መጣ። ሽሮው ይንተከተካል። ማንም እጁን አልሰደደም። አባቴ እንጀራውን እያዩ ቀስ ብለው ተናገሩ፦

«ደሙን ሊሰጠኝ መጣ። መሐላውን የንስሐ አባቴ ይፈቱኛል። እኔ የምፈራው የማልኩበትን አጥንት ነው።»

«አብሽር» አለ አጎቴ። «አጥንቱ የሁለታችንም ነው። እንዳይወጋህ እኔ እለምነዋለሁ።»

አባቴ ቆረሱ። አጎቴም ከዚያው በኩል ቆረሰ። እኔ እንባዬ ሲወርድ ሚጥሚጣው ነው አልኩ፤ ትሪው ላይ ሚጥሚጣ የሚባል ነገር አልነበረም። ያ ውድ ምግብ ቤት ቢያጠግበን ኖሮ ያች ቤት አንገባም ነበር። ለዚህ ነው ብሩ ይገባዋል የምለው።

አባቴ ዳኑ። መካነ ሰላም ስንመለስ የንስሐ አባታቸው መሐላውን ፈትተው አርባ ስግደት ሰጧቸው። ሐኪሙ ደግሞ ለወራት እንዳያጎነብሱ አጥብቆ ከልክሏል። አጎቴ በሬውን የሸጥኩት እኔ ስለሆንኩ እኔ እሰግድለታለሁ ብሎ ቄሱን ለመናቸው። ቄሱ ስቀው ፈቀዱ። በማግስቱ ጧት አባቴ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይቆጥራሉ፤ አጎቴ ይሰግዳል። ሠላሳን ሲያልፍ ደከመው። አንዴ ወደቀና በእጁ ተደግፎ ተነሣ። ሊደግም ሲል አባቴ ክንዱን ያዙት።

«አርባ ሞልቷል» አሉት። «ና፣ ቁርስ እንብላ።»

እኔም ከኋላ ቆሜ እቆጥር ነበር። ሠላሳ ሦስት ነው።