ለአራስ የተቀመጠ ገብስ

ቆቦ ላይ ወፍጮ ቤት ነበረኝ፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን። በዋጃ በኩል ጦርነቱን የሸሹ ሰዎች በየክፍሉ ሲሰፍሩ፣ የሰፈራችን ሰው ተመካክሮ ለተፈናቃይ በነፃ ይፈጭ አለ። ናፍጣውን አዋጥተው ገዙልኝ። የመጀመሪያው የእርዳታ ስንዴ የመጣ ጊዜ ወፍጮዬ ከጧት እስከ ማታ ሲያጓራ ዋለ። ዱቄት ለብሼ ቤት ስገባ ባለቤቴ ሳቀችብኝ። መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ለገንፎዋ ከደጋ ያስመጣሁትን ገብስ ራሷ አበጥራ ሰጥታኛለች፤ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ተራውን ይጠብቃል። የመሸሽ ወሬ ሲነሳ "ከቤቴ ወጥቼስ አልወልድም" ትላለች። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ስንዴ ታደለ። የሞተሩን ቺንጋ አጥብቄ፣ የወፍጮውን ድንጋይ ወቅሬ ጠበቅኩ። አንድም ሰው አልመጣም። በማግስቱም የለም። ደሜ ፈላ። ገበያ አውጥተው እየሸጡት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው ካፉ ነጥቆ ናፍጣ ገዝቶላቸው! ልጮህባቸው ተነሥቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ገባሁ።

በየጉልቻው ብረት ምጣድ ተጥዷል። ሴቶቹ አጎንብሰው ስንዴ ይቆላሉ፤ ሁሉም። የተቆላው በጨርቅ እየታሰረ በር ሥር ተቀምጧል። ልጆቹ ጫማቸውን አጥልቀው ተቀምጠዋል። 

ባለፈው ስፈጭላት መርቃኝ የሄደች አሮጊት ነበረች፤ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"እናቴ፣ ወፍጮዬ ምን በደላችሁ?"

"ወላሂ አንተማ ምን በደልከን፣ ልጄ" አለች ማማሰያዋን ሳታቆም። "ያኔ ከቤቴ ስወጣ ዱቄት ነው የያዝኩት። መንገድ ላይ ውሃ የለ፣ እሳት የለ። ልጆቹ ራበን እያሉ ሲያለቅሱ ዱቄት ተሸክሜ ሄድኩ። ቆሎ እየሄዱም ይበላል።"

"የት ልትሄዱ? ማን ምን አላችሁ?"

"ማንም ምንም አላለን። ስንዴውን ያመጣውን መኪና አላየኸውም? ፊቱን ወደ ሮቢት፣ ወደ መሸሻው አዙሮ ነው ያራገፈው። ሞተሩንም አላጠፋ።"

አይቼዋለሁ። ሹፌሩ ቸኩሎ ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት። ከአጥሩ ውጭ ባጃጆቹ እንደ ወትሮው ይጮኻሉ፤ ሰዉ ከገበያ ይመለሳል። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

"ባለቤትህ ተገላገለች?"

"ገና ናት። ዛሬ ነገ እያልን ነው።"

ማማሰያዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። "አላህ ያግራላት" አለችና ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

ወፍጮ ቤት ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁ፤ ገብሱን ለባለቤቴ ልፈጭላት። ጆንያውን አንሥቼ ትንሽ ቆምኩና ሞተሩን መልሼ አጠፋሁት። ገብሱን እንዳለ ተሸክሜ ወደ ቤት ሄድኩ።

"አልፈጨኸውም እንዴ?" አለች፣ ወገቧን ይዛ።

"ትምህርት ቤት ያሉት ስንዴያቸውን እየቆሉ ነው" አልኳት። "በሙሉ።"

የጆንያውን አፍ ፈታች። ከገብሱ ዘገን አድርጋ መዳፏ ላይ ብዙ አየችው፤ ከዚያ እዚያው ጆንያው ውስጥ መለሰችው።

"ብረት ምጣዱን አቀብለኝ" አለችኝ።