ባሌን በቄስ ጥምጥም ስደብቀው

ታሪክ መጻፍ ማንም አላስተማረኝም። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ስላቋረጥሁ፣ እጄ የገባውን ሁሉ እያነበብሁ፣ ሰው ሲያወራም አፍ አፉን እያየሁ ነው የለመድሁት። እዚህ ላሊበላ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ በየወሩ የማርያም ማኅበር እንጠጣለን። ተባርኮ፣ ተበልቶ፣ ጠላው ዞሮ ሲያበቃ ሴቶቹ «በይ እስቲ፣ የጻፍሻትን አምጫት» ይሉኛል። አነብላቸዋለሁ። ሲስቁልኝም ሲያለቅሱልኝም ደስ ይለኛል።

ያን ወር ያነበብሁት ስለ አንድ ቄስ ነበር። ሚስቱን ገፍቶ አስወጥቶ ሌላ ሴት ያስገባል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ጠዋት ተነሥቶ መቅደስ ይገባል። ሚስትየዋ ጓዟን ይዛ ደጃፍ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ የሊጡን ቡሃቃ ትከድናለች። እዚህ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። ሴቶቹም አብረውኝ አለቀሱ።

ቡሃቃውን የከደንሁት እኔ ነኝ። ወገል ጤና ከተማ ነበር ትዳሬ። ባሌ ሌላ ሴት ሲያመጣብኝ ወደ ተወለድሁበት ሰፈር ተመለስሁ፤ ለሰው ሁሉ ግን፣ ለገዛ እህቴም ጭምር፣ «ሥራው ይዞት ነው፣ ይከተለኛል» እያልሁ ከረምሁ። ስጽፍም በታሪኩ ውስጥ እንደ ባሌ ነጋዴ ባደርገው ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ጥምጥም ጠመጠምሁለት፣ መስቀል አስያዝሁት። አሁንማ ማንም የእኔ ባል ነው አይልም አልሁ። እውነትም ያለ የለም።

የእህቴ ባል ናቸው አሉ።

ታናሽ እህቴ የቄስ ሚስት ናት። የውጭ እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ኑሮ ሲከብዳቸው፣ ጋሸና ከተማ ሄዳ ሹፌሮች የሚበሉበት ቤት ተቀጥራ ወጥ ትሠራለች። ቄሱ ዘንድ ደግሞ ባሏ የሞተባት የወንድማቸው ልጅ መጥታ ቤቱን ይዛለች። ሰው ይህንን ከታሪኬ ጋር ገጠመው። እህትየዋ ካልጻፈችው ማን ሊጽፈው ኖሯል? ወሬው የደብሩ አለቃ ዘንድ ሲደርስ፣ አለቃው ነገሩ እስኪጣራ ቄሱ መቅደስ እንዳይገቡ አዘዙ። ቄስ በሚስቱ ላይ ሌላ ሴት ከያዘ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ዳግመኛ አይቀድስም።

እህቴ የጭነት መኪና ተሳፍራ መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ፣

«እታለም፣ ምን አደረግሁሽ?» አለችኝ።

«ፈጠራ ነው እኮ! ስላንቺ አልጻፍሁም።»

«ከየት ፈጠርሽው ታዲያ? ከድንጋይ ፈልፍለሽ አወጣሽው?»

«ከሐሳቤ ነዋ።»

«ሐሳብሽ ቄስ ብቻ ነው የሚያውቀው? ይህ ሁሉ የሰፈር ዱርዬ እያለልሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሣቅ እሞት ነበር።

«እሳቸው እህል አልቀመሱም» አለች። «ጥግ ይዘው ለብቻቸው ሰዓታት ያደርሳሉ። ልጅ ሆነው ነው ቤተ ክርስቲያን የገቡት። ሌላ ምን ያውቃሉ?»

«ውሸት ነው ብዬ ለሁሉም እነግርልሻለሁ።»

«ማን ያምንሻል? ስታነቢ አልቅሰሻል አሉ። ሰው በውሸት ያለቅሳል?»

 ታሪኬን ያሳመረልኝ ያ እንባ እሳቸው ላይ ምስክር ሆኖ ቆሞባቸዋል። ከእሱ የሚበልጥ ምስክር ደግሞ እኔው ብቻ ነበርሁ።

የባሌን ነገር ሁሉ ነገርኋት። ስጨርስ «ተነሺ» ብቻ አለችኝ።

አለቃውን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አገኘናቸው። መስቀል ተሳልሜ፣ ዓይኔን ከመሬት ሳላነሣ፣ የወገል ጤናውን ሁሉ ተናገርሁ።

«ታዲያ ልጄ፣ ለምን ቄስ አደረግሽው?» አሉኝ።

«እንዳይታወቅብኝ ነው አባቴ።»

 ከዚያ ወገል ጤና ሰው ልከው እንደሚያስጠይቁ ነገሩን። አስጠየቁም። ቄሱ ወደ አገልግሎታቸው ተመለሱ። እኔን ሲያገኙኝ እንደ ወትሮው ያሳልሙኛል፤ «ቤት ግቢ» ግን አይሉኝም። ከማኅበሩም አንዷ፣ «ባልሽ ይመጣል እያልሽ እኛን ስታስጠብቂን!» ብላ ቀለደችብኝ። ቤቱ ሳቀ።

እህቴ ወደ ጋሸና ስትመለስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። የተቆጣችው በባሏ ነገር መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«እሱስ አለፈ። ለማኅበር ሴት ሁሉ አንብበሽዋል» አለች። «ለእኔ ግን እንኳን እውነቱን ልትነግሪኝ፣ ታሪኩንም አላነበብሽልኝም።»

መኪናው እስኪንቀሳቀስ በሩን ይዤ ቆምሁ።