ሳሉ ከጆሯቸው ነበር

ከምርጫው በኋላ ረብሻ በተነሳበት ሰሞን ቡታጅራ መናኸሪያ ከአውቶቡስ አውርደው አሰሩኝ። የጤና ተማሪ ነበርኩ። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ሽታው ተቀበለኝ፤ ቀጥሎ ሳል ሰማሁ።

የሚያስሉት የመስቃን ገበሬ ነበሩ፤ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ። እኛ በጎናችን ተጣብቀን ስንተኛ እሳቸው ከሽንት ባልዲው አጠገብ ለብቻቸው ይቀመጣሉ።

"ቲቢ ነው፤ እንዳትጠጋቸው" አለኝ የክፍሉ ካቦ፣ እስረኞቹን የሚያዘው ማተብ ያሰረ ግዙፍ ሰው። "ሁላችንንም ይጨርሱናል።"

ሐኪም ብንጠይቅ ጠባቂው "ሆቴል መሰላችሁ?" ብሎን ሄደ። ሽማግሌው ምግብ ትተዋል። ሶላት በጀመሩ ቁጥር ሳሉ ያቋርጣቸዋል። አንድ ቀን "ያ አላህ፣ በቃኝ፣ ውሰደኝ" ሲሉ ሰማኋቸው።

ተጠጋኋቸው። ትኩሳት የለም፤ አክታም የለም። ግራ ጆሯቸውን ሲነካኩ ግን ሳሉ ይብስባቸዋል።

"አባባ፣ ጆሮዎን ምን ሆኑ?"

"ሊይዙኝ ሲመጡ ጭድ ውስጥ ተደበቅኩ፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ይኮረኩረኛል።"

የተማርኩት ትዝ አለኝ። ከአንጎል ተነስቶ በጉሮሮ በኩል ወደ ልብና ሆድ የሚወርድ ነርቭ አለ። አንዲት ቀጭን ቅርንጫፉ ጆሮ ውስጥ ትገባለች። እሷ ስትነካ አንጎል ጉሮሮ የተነካ ይመስለዋል፤ ሰውየው ያስላል።

ለካቦው ነገርኩት።

"ከተሳሳትክስ?"

"እኔም ባልዲው ጋ እተኛለሁ።"

የሃይላንድ ውሃ ፕላስቲክ ክዳን በሚስማር በሳን። በበሩ ሽንቁር በምትገባው ፀሐይ ለብ ያደረግነውን ውሃ ጆሯቸው ውስጥ ረጨሁ። ውሃው ባዶውን ተመለሰ። ሊያልቅብን ሲል የጠቆረች የገብስ ገለባ መዳፌ ላይ ወደቀች።

ሳሉ ቀስ በቀስ ረገበ፤ ከሰዓት በኋላ ጠፋ። ሽማግሌው ዙሪያውን አዩና "ለሶላት የምትሆን ቦታ ብትለቁልኝ" አሉ፣ እንደሚለምን ሰው።

ካቦው ተነሳ። ሌሎቻችንም ተነስተን ጀርባችንን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ሰግደው እስኪጨርሱ ማንም አልተቀመጠም።

በማግስቱ ጠባቂዎቹ ጠርተው ወሰዷቸው። ወደ ወልቂጤ እስር ቤት ነው ተባለ። ከተፈታሁ በኋላ መስቃን ሄጄ ጠየቅኩ፤ የደረሱበትን የሚያውቅ አላገኘሁም።

ያኔ ያዳንኳቸው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ልንሰጣቸው የቻልነው አንድ ያልተቋረጠ ሶላት ብቻ ነው።