ዝምተኛው በረኛ

ዞልታን ሊፈታው የተነሳው ችግር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሜዳ ላይ አፉን መክፈት አቃተው።

ነገሩ እንዲገባን አይስ ሆኪ እንዴት እንደሚጫወቱት ትንሽ ማወቅ አለብን። በበረዶው ላይ የምትንሸራተተው ኳስ ሳትሆን ፐክ የምትባል ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ ናት። ባላጋራው ፐኳን ከጎሉ ጀርባ ይልክና ተከትሏት ይከንፋል። ተከላካዩ ሊያነሳት ሲሄድ ፊቱ ሜዳውን ዙሪያውን ወዳጠረው ግድግዳ፣ ጀርባው ወደ ሜዳው ይሆናል። ማን እየመጣበት እንደሆነ አያይም። የሚያይለት በረኛው ብቻ ነው። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ በረኛ በእጅና በእግሩ የሚያድነውን ያህል በአፉም ያድናል። «ተወው!»፣ «ጊዜ አለህ!»፣ «መጣብህ!» ይላል። ተከላካዩም ዞር ብሎ አያረጋግጥም፤ የሰማውን አምኖ ይንቀሳቀሳል።

ዞልታን ሃንጋሪያዊ ነው፤ ዳኑብ ወንዝ ዳር ካለች የብረት ፋብሪካ ከተማ የመጣ። እዚያ ሳለ ጩኸቱ ከሜዳው ውጭ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወደ ስሎቫኪያ፣ ከስሎቫኪያ ወደ ኦስትሪያ ተዘዋወረ፤ በመጨረሻ አትላንታ አጠገብ ላለ የአነስተኛ ሊግ ቡድን ፈረመ። ቋንቋው በተለወጠ ቁጥር ድምፁ እየሳሳ ሄደ። አሁን የሚለውን በሃንጋሪኛ ያስባል፣ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ልክ መሆኑን ይመረምራል፤ ይኼኔ ነገሩ አልፏል። ኅዳር ላይ በአንድ ጨዋታ «መጣብህ» ለማለት ሲዘገይ ተከላካዩን ባላጋራው ከኋላ ገጨው፤ ከግድግዳው ጋር ተላትሞ ትከሻው ተሰበረ።

አሰልጣኙ አልጮኹበትም። «የማይናገር በረኛ ፊት ልጆቼን አላቆምም» አሉትና ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጡት። እዚያ ሥራው ተጫዋቾች ሲቀያየሩ ወደ በረዶው የሚያስገባውን በር መክፈትና መዝጋት ነው። ውሉ ሚያዝያ ላይ ያበቃል። ዓመቱን ተቀምጦ የጨረሰን የሠላሳ ሦስት ዓመት በረኛ ደግሞ የሚፈልግ ቡድን የለም።

የሚኖረው እዚያው አትላንታ ዳር፣ ሊልበርን የምትባል ከተማ፣ ነጋሽ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ቤት፣ ቤዝመንቱን ተከራይቶ ነው። ነጋሽም ሚስቱም ሥራ ስለሚውሉ ቤቱ ቀን ባዶ ነው። ከልምምድ ይመለሳል፣ መኪናውን ፓርክ ያደርጋል፣ ሾርባ ያሞቃል፣ ልብሱን ያጥባል። እናቱ ጋ ልደውል ሲል እዚያ መሽቶ እሷ ተኝታለች። አንድ ቀን የግሮሰሪ ካሸሯ ሰላምታ ስትሰጠው ድምፁ ሻክሮ፣ የሌላ ሰው መስሎ ወጣ። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ማንንም እንዳላናገረ ያኔ ታወቀው።

ነጋሽ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ኳስ የሚጫወቱ ጓደኞች አሉት። በረኛቸው ኑሮውን ወደ ዳላስ ሲያዛውር፣ ነጋሽ ቤቱ ፕሮፌሽናል በረኛ እንዳለ በኩራት አወራ። የምን በረኛ ብሎ የጠየቀው የለም። ዞልታንም ውሉ ሌላ ስፖርት እንደሚከለክለው እያወቀ ሄደ። እሁድ ቤዝመንት ውስጥ በጣም ይረዝም ነበር።

ፐክ አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው በታች ስለሆነ የሆኪ በረኛ በጉልበቱ ወርዶ መሬቱን ይዘጋል። ዞልታንም እንደለመደው ተንበረከከ። ኳሱ በአናቱ ላይ አልፎ ገባ። ቀጥሎም እንደዚያው።

አምባቸው የሚባለው ግዙፍ ተከላካይ ወደ ነጋሽ ዞረ። «ነጌ፣ ሰውዬህ ስለት አለበት እንዴ? ኳስ በመጣ ቁጥር ይንበረከካል።»

«በርታ ነው የሚልህ» አለው ነጋሽ ለዞልታን፣ በእንግሊዝኛ።

ከዕረፍት በኋላ ረጅም ኳስ ተሻገረ። አምባቸው ወደ ኋላ እየሮጠ ሊመታው እግሩን ሲያነሳ፣ ዞልታን ደግሞ ከጀርባው እየወጣ ነበር። ለመተርጎም ጊዜ አልነበረም። «ሃጅድ!» ብሎ ጮኸ፤ በአገሩ ቋንቋ ተወው ማለት ነው። አምባቸው እግሩን ሰበሰበ። ዞልታን ኳሱን አቀፈው።

ጨዋታው እንዳለቀ ሄዶ ቃሉ እንዴት እንደገባው ጠየቀው። አምባቸው ጥያቄው ራሱ ገረመው።

«ምን ይገባኛል? በረኛ ከኋላዬ ከጮኸ ኳሱ የሱ ነው። ቋንቋ ማን ይሰማል?»

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ለዞልታን ነገሩ በራለት። ለካ ለዓመታት ሲያስተካክል የኖረው ቃሉን ነው፤ ተከላካዩ የሚጠብቀው ግን ድምፁን ነበር፣ በሰዓቱ።

ይህን ማወቁ ከወንበሩ አላስነሳውም። አሰልጣኙ ሰምተውት አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ አላሰለፉትም። ስለዚህ ልምምድ አልቆ ሌሎቹ ወደ ሻወር ሲሄዱ እሱ በረዶው ላይ ይቀራል። ብዙውን ቀን ብቻውን ነው፤ ፐኳን ራሱ ከጎሉ ጀርባ ይልካትና ማንም ለሌለበት ግድግዳ ይጮኻል። በዚህ ሳምንት ግን ከሚኒሶታ የመጣ አዲስ ተከላካይ አብሮት መቅረት ጀምሯል። ዞልታን አፉ ላይ በመጣለት ቋንቋ፣ ሳይመርጥ፣ ቀድሞ ለመጮኽ ይሞክራል። ተከላካዩ አንዳንዴ አምኖት ይተዋታል፣ አንዳንዴ ዞሮ ያየዋል። ዞሮ ሲያየው ዞልታን ፐኳን እንደገና ከጎሉ ጀርባ ይልካታል።