ከኮረብታው ያወረድናት እናት

ባንግላዲሽ ውስጥ ወዳለ የስደተኞች መጠለያ ለሥራ ልሄድ መሆኑን ለአባቴ የነገርኩት እንሴኖ ገበያ ውስጥ፣ በርበሬ እያስመዘነ ሳለ ነው። አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ ወሬ አያበዛም። ከሚዛኑ ቀና ብሎ፣ «ቡታጅራ በሽተኛ አለቀ እንዴ?» አለኝ።

አላለቀም አልኩት። ቡታጅራ በአዋላጅ ነርስነት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በመስቃን ገጠር ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ሥራዬን አውቀዋለሁ፣ ሌላ አገርም ሄጄ ልሞክረው ፈልጌያለሁ ብዬ አስረዳሁት። አላህ ይጠብቅሽ ብሎኝ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

መጠለያው ኮረብታ ለኮረብታ ተያይዞ የተሠራ የቀርከሃና የፕላስቲክ ከተማ ነው። ሰዎቹ ከጎረቤት አገር የተሰደዱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ቋንቋቸውን አላውቅም። አስተርጓሚዬ ራሷ ስደተኛ ነበረች፤ የሦስት ልጆች እናት፣ በአገሯ አስተማሪ የነበረች ሴት። እኔና እሷ የምንግባባው ሁለታችንም ትምህርት ቤት በለመድናት እንግሊዝኛ ነው። በየቤቱ «አሰላሙ አለይኩም» ስል ደስ ብሏቸው ያስገቡኛል፤ ክሊኒክ መጥታችሁ ውለዱ ስላቸው ግን ፈገግ ብለው ወሬ ይቀይራሉ። አብዛኞቹ የሚወልዱት እዚያው ቤታቸው ነበር።

በዝናቡ ወራት አንድ ጠዋት፣ አንድ ሰው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወደ ክሊኒኩ ሮጦ ገባ። ሚስቱ ጎህ ሲቀድ ወልዳለች፤ ደሙ ግን አልቆመም። ቦርሳዬን ይዤ ከአስተርጓሚዬ ጋር ኮረብታውን ወጣን። ሴትዮዋ ምንጣፍ ላይ ተኝታ ከንፈሯ ነጥቷል። ሕፃኑ ደህና ነው። አማቷ ራስጌዋ ቁጭ ብለው ጸሎት ያደርሳሉ።

የእንግዴ ልጁን አሳዩኝ፤ ጎዶሎ ነበር፣ ቁራጩ ውስጥ ቀርቷል። መርፌ ወጋኋት፣ ግሉኮስ ሰካሁላት፣ ማህፀኗ እንዲጠነክር ሆዷን ማሸት ጀመርኩ። ደሙ ቀነሰ፣ አልቆመም። ሆስፒታል መድረስ ነበረባት። በሬዲዮ አምቡላንስ ስጠይቅ፣ መንገዱ ተንዶ መኪናው ኮረብታው ሥር ቀርቷል፣ እስኪጠረግ ጠብቁ ተባልኩ። አንጠብቅም፣ እኛ እንመጣለን አልኳቸው።

ቃሬዛ እንደሚያስፈልገን አወቅሁ። በመስቃን ገጠር መኪና የማይገባበት ቀበሌ ሁሉ ወላድ የምትመጣው በቃሬዛ ነው፤ ስንቷን ተቀብያለሁ። ባልየው ከአጥሩ ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ ነቀለ። ሦስት ባዶ የሩዝ ጆንያ አስመጣሁና የታች ሁለት ማዕዘናቸውን ቀድጄ ሁለቱን ቀርከሃ በውስጣቸው አሳለፍኩ።

እዚህ ላይ አማቷ እምቢ አሉ። ባዕድ ወንዶች እየተሸከሟት በመንደሩ ከምትታይ እዚሁ ተሸፍና ብትሞት ይሻላል ነው ያሉት። አልተከራከርኳቸውም። ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ፣ በአገሬ እናቶች በወንዶች ትከሻ እንደሚወርዱ፣ ሴቶች ዙሪያቸውን ከበው እንደሚሄዱ በአስተርጓሚዬ በኩል ነገርኳቸው።

«እናቴ፣ እጄ ከሆዷ አይነሳም። እርስዎ ከጎኗ ይሄዳሉ፤ ማንም ፊቷን አያይም» አልኩ።

የራሳቸውን ሻሽ ፈትተው ሰጡኝና «በዚህ ሸፍኛት» አሉ።

ስምንት ወንዶች ተሰበሰቡ። በእግሯ በኩል ሊያወርዷት ሲሉ አስቆምኳቸው፤ ደም ለፈሰሳት ሴት ራሷ ዝቅ፣ እግሯ ከፍ ማለት አለበት። ቃሬዛውን አዙረን በራሷ በኩል ወረድን። አራቱ ሲደክሙ አራቱ ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ትከሻቸውን ከሥር ማስገባት ነበረባቸው፤ የኛ አገር ሰዎች እንደሚያደርጉት። ትእዛዙን የምሰጠው እኔ ነኝ። በችኮላ እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ በአማርኛ «ቀይር!» እያልኩ እጮሃለሁ። በሁለተኛው ላይ ገባቸው።

አስተርጓሚዬ ግሉኮሱን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ አማቷ ሕፃኑን ታቅፈው ከቃሬዛው ጎን ይሄዳሉ። እኔ በጨርቁ ሥር ሆዷን እያሸሁ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ይውጠኛል። መሃል ላይ ሴትዮዋ ስንጠራት መመለስ አቆመች። አናግሪያት፣ የልጁን ስም ጠይቂያት አልኳት አስተርጓሚዬን። ደጋግማ ጠየቀቻት። ከብዙ ጥያቄ በኋላ ደካማ ድምፅ ወጣ፤ ገና ስም አላወጣንለትም አለች።

አምቡላንሱ ጋ ደረስን። ሆስፒታል ውስጥ የቀረውን ቁራጭ አወጡላት፣ ደም ሰጧት። በአምስተኛው ቀን ልጇን ታቅፋ፣ አማቷ ከኋላዋ እየተከተሏት፣ ያንኑ ኮረብታ በእግሯ ወጣች።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አማቷ ራሳቸው ነፍሰ ጡሮችን እየመሩ ክሊኒክ ያመጡልን ጀመር፤ እኔ በወራት ስብከት ያላገኘሁትን እሳቸው በአንድ ቃል አገኙት። ኃላፊያችን በየኮረብታው የተሸካሚ ቡድን እንዳደራጅ ጠየቀኝ፣ አደራጀሁ። የዚያ መጠለያ ወንዶች እስከ ዛሬ ቃሬዛ ሲቀያየሩ «ቀይር» ይላሉ አሉ።

አስተርጓሚዬ ከዚያች ቀን ወዲህ መተርጎም ብቻ አልበቃት አለ። ጓንት አድርጋ ከጎኔ መቆም ጀመረች፤ ቀስ በቀስ አስተማርኳት፣ ማሰልጠኛ እንድትገባም ደብዳቤ ጻፍኩላት። ልመለስ ወር ሲቀረኝ አንዲት እናት በእሷ እጅ ወለደች። እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ አየሁ። የማርመው ነገር አላስቀረችልኝም።

አሁን ወልቂጤ ነርሶችን አስተምራለሁ። ባለፈው አንዷ ተማሪ ያን ቀን አልፈሩም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንዳልዋሻት፣ ፈርቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ተመልሼ ጫማዬን ማጠብ ጀመርኩና አንዱን ሳልጨርስ ባልዲውን ገልብጬ ተቀመጥኩበት። ከዚያ ሌላ ወላድ መጣች፣ ተነሣሁ።