እስከ አሥራ አንደኛው ምሰሶ

ከአባቴ ጋር እንደ ወትሯችን ያደረግነው የመጨረሻው ነገር፣ ማለዳ ተነሥተን በኮኪት መንገድ እስከ አሥራ አንደኛው የመብራት ምሰሶ ሄደን መመለስ ነበር። ምሰሶውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና “ይኼም ተያዘ” አሉ። ቤት ገብተን ኮምጣጣውን የከርከዴ ሻይ ያለ ስኳር ጠጣን። እሳቸው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ እኔ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን በሆዴ ይዤው ሄጄ በሆዴ ይዤው ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምጽፈው ስለማታውቁኝ ነው።

ባሌ የሞተው በድንገት ነው። እዚህ መተማ ዮሐንስ እህል ሲያስጭን ወድቆ በዚያው ቀረ። ደም ግፊት እንዳለበት አያውቅም ነበር፤ እኔም አላወቅሁም። አርባው ካለፈ በኋላ አባቴ ጓዛቸውን ይዘው ከገለጉ ከተማ እኔ ዘንድ መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በወጣትነታቸው ለሰሊጥ አጨዳ ከጋይንት ወርደው በቆላው የቀሩ፣ ኋላም ትራክተር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጤና ጣቢያ ሄደን ስንለካ የሁለታችንም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ።

“አባባ፣ እርስዎ ጨው ይቀንሱ። አንቺም ቀንሺ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አብራችሁ ተራመዱ” አለችን ነርሷ።

“ዕድሜ ልኬን የተራመድኩት አይቆጠርልኝም?” ብለው አሳቋት።

ለእሳቸው ብዬ የጀመርኩት ይመስለኝ ነበር። ግን ከአልጋዋ መነሣት ያቃታት ማን ነበረች? እኔ ነበርኩ። በሬን በከዘራ እያንኳኩ “ተነሺ ልጄ፣ ፀሐይዋ ልትቀድመን ነው” የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ምሰሶ ሄድን። ጉልበታቸው እየተፍታታ ሲሄድ በየሳምንቱ አንድ ጨመርን። መቁጠሩ የእሳቸው ዘዴ ነው፤ ሰፊ ማሳ ሲያርሱም እንዲሁ ከፋፍለው ነበር የሚጨርሱት። ሊደርሱ የሚፈልጉት ሃያኛው ምሰሶ አጠገብ ያለው የሰሊጥ መጋዘን ነበር። በጎረምሳነታቸው ጆንያ የተሸከሙበት ነው። “እዚያ በእግሬ ከደረስኩ እግሬ ገና የእኔ ነው” ይሉ ነበር።

ሸራ ጫማ ገዛሁላቸው። በነጭ ጀላቢያ ላይ ሸራ ጫማ አድርገው ሲወጡ ባጃጅ ነጂዎቹ አይምሯቸውም።

“አባባ፣ ለየትኛው ክለብ ፈረሙ?”

“ሚስት ፍለጋ ነው፤ ዝም ብለህ ንዳ!”

በእኔ ግን የሚቀልድ አልነበረም። አንድ ቀን ውኃ ስቀዳ ከኋላዬ “የባሏ ሙት ዓመት ሳይደርስ ስፖርተኛ ሆነች” ሲባል ሰማሁ። ይህን የጻፍኩት ሰበብ እንዲሆነኝ ነበር። መልሼ ሳነበው ሰበብ አልሆነኝም። ኋላ አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ያልተነሣሁት ሐሜት ፈርቼ አይደለም። ደከመኝ። የእርምጃቸው መጎተት፣ በየደጁ ቆመው ሰላምታ መስጠታቸው፣ በየጠዋቱ ለመኖር መነሣቱ ራሱ ደከመኝ። መተኛት ፈለግሁ፤ ይኸው ነው።

አሥራ አንደኛውን ምሰሶ በያዝን በማግሥቱ ከዘራው በሬን ሲያንኳኳ፣ ከአልጋዬ ሳልነሣ፣ “አባዬ፣ መንገዱ ተዘግቷል አሉ” አልኳቸው።

“ማን አለ?”

“ባጃጆቹ።”

በእኛ አገር መንገድ ሲዘጋ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተዘጋ ሲባል ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ ተከፈተ ሲባል ይወጣል። ስንት ጊዜ እውነት ሆኖ ስላየነው አባቴም አመኑኝ። ሰው ሁሉ የሚፈራውን ነገር እኔ ለእንቅልፌ ተጠቀምኩበት።

ለአንድ ቀን ብቻ ነበር ያሰብኩት። በማግሥቱም ዋሸሁ። አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ዋሸሁ። በየጠዋቱ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ክሩን አስረው፣ በሩ አጠገብ ያለው መደብ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

“ዛሬስ?”

“ገና ነው አባዬ።”

ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ያሰሩትን ክር ይፈታሉ። እኔ ተመልሼ እተኛለሁ። እንዴት እንቅልፍ ወሰደኝ? ግን ወሰደኝ።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ከባድ መኪና ቤታችንን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ዕድሜውን ከሞተር ጋር የኖረ ሰው ድምፁን ያጣዋል?

“ይኼ ተሳቢ በሰማይ ነው እንዴ የሚያልፈው?”

“የመንግሥት ነው፤ እሱን ያሳልፉታል።”

አዩኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ግቢያችን ውስጥ ያለችውን የኒም ዛፍ ይዞሩ ነበር። ኋላ ተዉት። ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ። አየሁ። አይቼ ዝም አልኩ።

በመጨረሻ ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽ መጣች። እኔ ጓዳ ማሽላ እነፋለሁ፤ አባቴ ደጅ ተቀምጠዋል።

“አያ ሞላ፣ ምነው ጠፉ? ሳምንቱን ሙሉ ኮኪት ስመላለስ መንገድ ላይ አጣኋችሁ። ተጣላችሁ እንዴ?”

ወንፊቱን እንደያዝኩ ደረቅሁ።

“እኔ ነኝ የለገምኩት” አሉ አባቴ። “ልጄማ በየጠዋቱ ትጎተጉተኛለች። እግሬ እምቢ አለኝ።”

“ኤዲያ! ሚስት ፍለጋውስ?”

“እሷው ትፈልገኝ እንግዲህ።”

ሁለቱም ሳቁ። ያን ጊዜ መውጣት እችል ነበር። ሦስት እርምጃ ነው። እግራቸው ሥር ወድቄ ዋሸሁዎት ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ማሽላዬን መንፋት ቀጠልኩ። ከመጀመሪያው ውሸት ይልቅ ይህ ነው ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያስነሣኝ። ጥፋቴን በስማቸው ሲወስዱልኝ ሰምቼ ወሰዱልኝ ብዬ ተነፈስኩ፤ ቀለለኝ።

በማግሥቱ “መንገዱ ተከፈተ አባዬ” አልኳቸው።

“እንኳን ተከፈተ” አሉ። ዓይኔን አላዩም።

ወጣን። ሦስተኛው ምሰሶ ላይ በጀርባቸው ተደገፉ። እግራቸው ይንቀጠቀጣል። “ለዛሬ ይበቃናል” አሉና ትከሻዬን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ከዘራቸው በሬን አላንኳኳም። እኔ ስለምናቸው “አንቺ ሂጂ፣ አንቺ ገና ነሽ” ይሉኝ ነበር። አልሄድኩም።

ሰሊጡ ሳይታጨድ አረፉ። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለኝ። ለቀስተኛውም ዕድሜ ጠግበው ሞቱ አለ፤ እትዬ አልጋነሽም ጥሩ ልጅ ነበርሽላቸው አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኳት። ገደልኳቸው አልልም። አልገደልኳቸውም ብዬም አልከራከርም። እግራቸው የእሳቸው መሆኑን ሊያዩ ዘጠኝ ምሰሶ ሲቀራቸው መንገዱን የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳቸው ሰው ደግሞ ሳልጠይቃቸው ይቅር ያሉኝ ይመስለኛል፤ እሱም አያሳርፈኝም።

አሁን ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ። የሚያንኳኳልኝ ስለሌለ በራሴ እነሣለሁ። በየደጁ ቆሜ ሰላምታ እሰጣለሁ። አሥራ አንደኛው ምሰሶ ጋ ስደርስ እመለሳለሁ፤ መጋዘኑ ድረስ ሄጄ አላውቅም። ቤት ገብቼ ከርከዴዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ።