ጉልበት ውስጥ የማይቆይ መድኃኒት

ነቀምቴ የተመደብሁት በእርሻ ሥራ ተቆጣጣሪነት ነበር። በደርግ ዘመን ሰፋሪዎች ወደ ጊዳ አያና በብዛት ሲመጡ፣ የዘርና የመሬት ድልድሉን በየጣቢያው እየዞረ የሚያጣራ ሰው ተፈለገ፤ ሥራውም በእኔ ላይ ወደቀ። ከአያና ከተማ ወዲያ ጉዞው በእግርና በበቅሎ ነው። ይህን የምጽፈው መገጣጠሚያው አብጦበት እንጀራውን በእግሩ ለሚያገኝ ሰው ነው።

በመጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አልነበረም፤ ግትርነት ነው። ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ቀኝ ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ተፈታ። እየዋለ እያደረ አበጠ፤ እጅ ሲያርፍበት ይፋጃል። ወጌሻ በቅቤ አሸልኝ። ባሰበት።

የነቀምቴ ሆስፒታል ሐኪም ዶክተር ገመቹ የወለጋ ተወላጅ ወጣት ነበር። ሕመሙ ሪዩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት የመገጣጠሚያ ቁጣ መሆኑን ነግሮኝ፣ ኢንዶሜታሲን የተባለ ክኒን አዘዘልኝ፤ ከምግብ በኋላ እንድወስደውም አጥብቆ አሳሰበኝ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ክኒን ምግብ ስላልሆነ ጾም አያስገድፍም ብዬ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ እውጠው ጀመር። ባለቤቴ ጫልቱ የወንጌላውያን አማኝ ናት፤ እንዲህ ያለ ጾም አትጾምም።

«ጾሙ ያንተ፣ ክኒኑ የሐኪሙ» አለችኝ። «ጨጓራህ ሲበሳ ግን አስታማሚዋ እኔ ነኝ።»

ሣቅሁ። ጉልበቴ ቀልሎኝ ነበርና።

ከዚያ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ለማንም አልተናገርሁም። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ አስመለሰኝ። ደም ነው። የቡና አተላ ይመስላል። ወደቅሁ። ሆስፒታል አደረሱኝ፤ የጫልቱ ደም ከእኔ ጋር ገጠመ። እሱን ሰጡኝ።

ስነቃ ዶክተር ገመቹ አልተቆጣኝም። «ኦቦ አበራ» አለኝ በኦሮምኛ አክብሮት፣ «መድኃኒቱ የሚፈለገው ጉልበትዎ ውስጥ ነው፤ እኛ ግን በአፍ ሰጥተን መላ አካልዎን እናዞረዋለን። ጉልበት ጋ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ መከራውን የሚያየው ጨጓራ።»

ጨጓራዬ ካገገመ በኋላ ከጉልበቴ ውስጥ ቢጫ ፈሳሽ ቀዳ፤ በዚያው መርፌም ሃይድሮኮርቲዞን የተባለ እብጠት አብራጅ መድኃኒት ወደ መገጣጠሚያው አስገባ። ጥቂት ቀን ቆይቶ እብጠቱ ጎደለ፤ ምርኩዜን ቤት ትቼ፣ ከሰፈሬ ከቡርቃ ጃቶ እስከ ገበያው በዝግታ ወርጄ፣ ከጉራጌው ባለሱቅ ሳሙና ገዝቼ፣ ሰላምታ ለሚያቀርብልኝ ሁሉ ቆሜ አጸፋውን እየመለስሁ ያለ ማንም ድጋፍ ወደ ቤቴ የተመለስሁበት ቀን ዛሬም ከሕሊናዬ አይጠፋም።

ዶክተር ገመቹ ግን ደስታዬን አልተጋራም። መድኃኒቱ እዚያ እንደማይቆይ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ደም ተመጥጦ እንደሚያልቅ፣ መርፌውን ማዘውተርም የአጥንቱን ልባስ እንደሚጎዳ አስረዳኝ። የሚያቆየው ነገር የለም ወይ ስል ጠየቅሁት። በውጭ አገር መድኃኒቱን በዓይን በማይታዩ የስብ ከረጢቶች ውስጥ አሽገው ጉልበት ላይ እንደሞከሩት፣ ስማቸውም ሊፖዞም እንደሚባል፣ ከረጢቶቹ እዚያው ተቀምጠው መድኃኒቱን ቀስ እያሉ እንዲለቁ መታሰቡን ከአንድ የሕክምና መጽሔት ማንበቡን ነገረኝ። «እዚህ ግን» አለ፣ «ሃይድሮኮርቲዞኑም አልቋል።»

በመሥሪያ ቤቱ፣ ጉልበቴ የሚያብጠው የመስክ ጉዞ ሲታወጅ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ተራ ሐሜት አይደለም። ከሥራ እንዳልባረርና ስሜም እንዳይጎድፍ በነቀምቴ የጽሕፈት ሥራ እንዲሰጠኝ አመለከትሁ፤ ጉዳዩ ለሕክምና ቦርድ ተመራ። ቦርዱ የተሰበሰበው መርፌው በሚሠራበት ሰሞን ነው።

በዋዜማው ጫልቱ ሸሚዜን እየተኮሰች፣ «አባ ኮ» አለችኝ፣ አባቴ ማለቷ ነው፤ «ነገ ትንሽ አንክስ።»

«ያላመመኝን እግር አላነክስም» አልኋት።

«እሺ፣ ቀጥ ብለህ ሂድና ቀጥ አድርገው ይላኩህ።»

ቦርዱ ፊት ቆምሁ። ተቀመጥ አሉኝ፤ ተቀመጥሁ። አጥፈው አሉኝ፤ ታጠፈ። ሰብሳቢው፣ ከእኔ ጉልበት ይሻላል ብሎ ቀለደ፤ ሣቁ። ዶክተር ገመቹ ለውጡ ጊዜያዊ እንደሆነ ጽፎ እንደነበር አስታወስኋቸው። ከቦርዱ ጋር የተቀመጠው የመሥሪያ ቤቴ ካድሬ መለሰልኝ፦

«ጓድ፣ እዚህ የምናየው የዛሬውን ጉልበት ነው።»

ለመስክ ሥራ ብቁ ነው ተባለ። ወደ ጊዳ አያና ሄድሁ። ክረምት ገባ። ጉልበቴ አበጠ። መርፌ የለም። በበቅሎ ዋልሁ፤ በቃሬዛ ተመለስሁ። ጉልበቴ ከዚያ ወዲህ ታጥፎ አያውቅም።

ዛሬ ናኖፓርቲክል በሚባሉ ጥቃቅን ተሸካሚዎች መድኃኒትን በቀጥታ መገጣጠሚያ ውስጥ አድርሶ ለማቆየት ምርምር እንደሚደረግ እሰማለሁ። ይሳካ። ለእኔ አይደርስም፤ ሌላው ግን ይዳንበት። ደሟን ለሰጠችኝ ለጫልቱ፣ እውነቱን ለጻፈልኝ ለዶክተር ገመቹ ምስጋናዬ የዕድሜ ልክ ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ የሚፋጅ መገጣጠሚያ አታሳሽ። እንዲህ ያለውን ክኒን በልተህ ዋጥ፤ የንስሐ አባትህ ይፈቅዱልሃል። ሰገራህ ከጠቆረ ሳትውል ሳታድር ተናገር። መርፌ ሲሻልህም ለስንት ጊዜ እንደሆነ ሐኪምህን ጠይቅ፤ ለሚፈርዱብህም እብጠቱ ሳይጎድል ታይ።

በቃሬዛ ከተመለስሁ በኋላ ያው ቦርድ፣ በዚያው ሰብሳቢ፣ ስለ ፊተኛው ውሳኔ አንድም ቃል ሳያነሣ፣ ለማናቸውም የመንግሥት ሥራ ብቁ አይደለም ሲል ወሰነ፤ ከሐምሌ 1 ቀን 1979 ዓ.ም. ጀምሮ በጤና ጉድለት ጡረታ ወጣሁ።